ጥጃው መርፌ ተወግቶ እንደሆነ ጠይቂ

እህቴ፣ «ለመመረቂያ ጥናቴ ሰማያዊ መዥገር ጥጃ ላይ ላረባ ነው፤ ያለሁት ደሴ ነው፤ ምን ልጠንቀቅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ወሎ ውስጥ ሠርቼዋለሁ። መዥገሩ መድኃኒቱን ለምዶት እንደሆነ ለመፈተን እጭ ያስፈልገኝ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ ከሸፈብኝ። ሁለተኛው ተሳካ። የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ፈቃድ አውጥተሻል ብዬ ልነሳ።

1. ጥጃውን ከማን እንደምትገዢ ቀድመሽ አስቢ። እኔ ባቲ ገበያ ወርጄ ከገበሬ ልገዛ ነበር። የግዢ ክፍሉ ግን «ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ» አለኝ። ለጥጃ! ገበሬ ማኅተም ከየት ያመጣል? አስረድቼ ሳልጨርስ ሰውዬው ፋይሌን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ «ደረሰኝ የሌለው ነገር እዚህ አይመጣም» አለ። አራት ቀን ተመላለስኩ። ቢጨንቀኝ ንግድ ፈቃድ ካለው ከብት አድላቢ ገዛሁ። ጥጃው ያምራል፤ ቆዳው ያበራል፤ አንድም መዥገር የለበትም። ደስ አለኝ። መጠርጠር የነበረብኝ ያኔ ነው።

ጀርባውን ላጭቼ የጨርቅ ከረጢት በሙጫ ለጠፍኩና እጮቹን ለቀቅኩ። በአምስተኛው ቀን ከረጢቱን ስከፍት የደረቀ ብናኝ ብቻ ነው ያገኘሁት። ሰማያዊ መዥገር ከእጭነት እስክትጠግብ ድረስ ሦስት ሳምንት ገደማ አንድ ከብት ላይ ነው የምትቆየው። ስለዚህ ተስፋ ሳልቆርጥ እስከ 25ኛው ቀን ጠበቅኩ። ጠግባ የወደቀች አንዲት እንኳ የለችም። አድላቢው ጋ ደወልኩ። «ገና ሲገቡ ሁሉንም አይቨርሜክቲን እንወጋቸዋለን» አለኝ፣ በኩራት። መድኃኒቱ ለሳምንታት ደም ውስጥ ይቆያል፤ ያን ደም የመጠጠ መዥገር አይተርፍም። እንቁላል ከማስጣል ጀምሮ የለፋሁበት ሁሉ በአንድ መርፌ ቀረ። የግዢ ክፍሉ ግን ደረሰኙን አገኘ።

ሁለተኛውን በራሴ ገንዘብ ሐይቅ አካባቢ ካሉ እናት ገዛሁ። «እማማ፣ መርፌ ተወግቷል? ዲያዚኖን የሚባለው የመዥገር መርጫስ ተረጭቷል?» ስላቸው «ኧረ ልጄ፣ ከእናቱ ጡትና ከሣር በቀር የሚያውቀው የለም» አሉኝ። በ22ኛው ቀን ማለዳ ከረጢቱን ስፈታ ሽምብራ የሚያካክሉ አመድማ ሰማያዊ መዥገሮች ታችኛው ጥግ ላይ ተከማችተዋል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የለቀምኳቸው።

2. የጥጃውን ሙቀት በየቀኑ ለኪ። ይህች መዥገር ባቤዝያና አናፕላዝማ የሚባሉ የከብት ደም ውስጥ ተሕዋስያን ታስተላልፋለች። ባቤዝያ በእንቁላሏ በኩል ወደ እጮቹ ይሻገራል። ከመስክ በለቀምሻቸው ከጀመርሽ ጥጃሽ ሊታመም ይችላል፤ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ሳትውዪ ሳታድሪ ደሙን በማይክሮስኮፕ እዪ።

3. እንቁላሉን ከብርድና ከድርቀት ጠብቂ። ደሴ ብርድ ነው፤ ያለ ኢንኩቤተር አትሞክሪው። 27 ወይም 28 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 85 በመቶ ይሁን። እርጥበቱን ለመጠበቅ ከእንቁላሉ ጋር በተዘጋ ዕቃ የጨው ውኃ ይቀመጣል። የወጥ ጨው እስኪጠግብ የተሟሟበት ውኃ ግን 75 በመቶ ገደማ ብቻ ነው የሚሰጥሽ። ፖታሲየም ክሎራይድ ፈልጊ፤ እሱ ወደ 85 ያደርስልሻል። መብራት ሲጠፋ በሩን እንዳትከፍቺ። እኔ ጋቢዬን አልብሼው አብሬው አድሬያለሁ።

አንድ ግራም እንቁላል 20 ሺህ ያህል እጭ ይሰጣል፤ ስለዚህ ትንሽ ይበቃሻል። እንደተፈለፈሉ ግን አትቸኩዪ። ለፈተናው ከ14 እስከ 21 ቀን የሆናቸው ናቸው የሚፈለጉት። መትረፋቸውን ማወቅ ከፈለግሽ እጮቹ ባሉበት ቱቦ የጨርቅ ክዳን ላይ እፍ በዪ። ቡናማ ጓል መስሎ የተኛው ሁሉ የፊት እግሩን አንስቶ ይርመሰመሳል። ያንን ሳይ የግዢ ክፍሉን ሰውዬ ጠርቼ ባሳየሁት ብዬ ነበር።

አንቺ ግን እንደኔ ከኪስሽ አታውጪ። ጥጃው መድኃኒት ያልነካው መሆን እንዳለበት አማካሪሽ በደብዳቤ ጽፎ ይፈርምልሽ። ግዢውም ከገበሬ፣ በኮሚቴ ቃለ ጉባኤ እንዲሆን አሁኑኑ ጠይቂ። የሐይቋን እናት ማግኘት ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ባለፈው ሳምንት ስደውልላቸው መርፌ ያላዩ ሁለት ጥጆች አሉኝ ብለውኛል።