«ልጄ የቤዝቦል አሰልጣኝ ልሁን ይላል» ላሉት አባት

ጋሼ፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅዎ በዚህ ግንቦት ኮሌጅ ይጨርሳል። ትንሽ ኮሌጅ ገብቼ ቤዝቦል ላሠልጥን ብሎ ድርቅ ብሏል። «ይሄ ነገር እንጀራ ይሆነዋል ወይ?» ነው ያሉት። እኔ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ስድስት ዓመት ረዳት የቤዝቦል አሰልጣኝ ነበርኩ፤ ያየሁትን ልንገርዎት።

ብሩን በአጭሩ ልጨርሰው። የመጀመሪያ ዓመት ደሞዜ የቤት ኪራይ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም ነበር። የጤና ኢንሹራንስ አልነበረኝም። ማታ ማታ መጋዘን ውስጥ ዕቃ እጭን ነበር። እናቴ ዘመድ ሲጠይቃት «ኮሌጅ ነው የሚሠራው» ትልና ወሬ ትቀይራለች።

ሰው ሥራው ጨዋታው ይመስለዋል። ዲቪዥን 3 ውስጥ፣ ማለትም ትንንሾቹ ኮሌጆች በሚወዳደሩበት ምድብ፣ በመደበኛው ወቅት ቢበዛ 40 ጨዋታ ነው ያለው። የቀረው ቫን መንዳት፣ ማሊያ ማጠብ፣ ሜዳ መንከባከብ ነው። መጋቢት ላይ ዝናብ ሲጥል ካደረ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሜዳ እንገኛለን። ሜዳው የተሸፈነበትን ውሃ ያዘለ ሸራ ተረባርበን እንጠቀልላለን። ያቆረውን ውሃ በስፖንጅ እየመጠጥን ባልዲ ውስጥ እንጨምቃለን። ከዚያ ውሃ የሚመጥ የሸክላ ድቃቂ በትነን መሬቱን እናስተካክላለን። 6 ሰዓት ላይ ዳኛው ይመጣል፤ በጫማው ጫን ጫን ያደርግና «አይሆንም» ብሎ ይሄዳል።

እሱስ ቀላሉ ነው። ከባዱ ተጫዋች ልጅ መልምሎ ማምጣት ነው። ዲቪዥን 3 የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ትንሽ ኮሌጅ ደግሞ የሚኖረው በተማሪ ክፍያ ነው። ስለዚህ ከአሰልጣኙ የሚፈለገው ቡድን ብቻ ሳይሆን ከፋይ ተማሪም ጭምር ነው። እኛ 43 ልጅ ነበረን። ሜዳ ላይ የሚሰለፈው 9 ነው። አንዱ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢሮዬ መጣ። «ኮች፣ እውነቱን ንገረኝ፣ እጫወታለሁ?» አለኝ። ቤቱ ሄጄ፣ እናትና አባቱን አሳምኜ ያመጣሁት እኔው ነኝ። «አይመስለኝም» አልኩት። በማግስቱ ልምምድ ላይ መጥቶ ኳስ ለቀመ። ሳምንት ሙሉ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

ልጅዎ ዶን ሻሊን ሳይጠቅስልዎ አይቀርም። እዚያው ኦሃዮ፣ ማሪዬታ ኮሌጅ፣ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 2003 ለ40 ዓመት አሠልጥነው 1,442 ጨዋታ ያሸነፉ፣ ቡድኑን ሦስት ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ያደረጉ ሰው ናቸው። የትንሽ ኮሌጅ አሰልጣኝ ሁሉ ሕልሙ ይሄ ነው። ግን ያስቡት እስቲ፤ ዋናው አሰልጣኝ አንድ ወንበር ላይ 40 ዓመት ከተቀመጠ ረዳቱ ወዴት ይሂድ?

ያም ሆኖ አይከልክሉት። ቢከለክሉት እሱም አይተወው፣ እርስዎም ትርፉ ኩርፊያ ነው። ሁለት ዓመት ይስጡት፤ ግን ማስተርሱን በነፃ እያስተማረ የሚቀጥረው ኮሌጅ ይፈልግ። ግራጁዌት አሲስታንት ይሉታል። ቤዝቦሉ ባይሆንለት ዲግሪው እጁ ላይ ይቀራል። እኔ ይሄን የሚነግረኝ አጥቼ ነው ስድስቱ ዓመት የሄደብኝ።

ሲቀጠር ደግሞ ከዋናው አሰልጣኝ ጋር ብቻ አውርቶ እንዳይፈርም። ከሱ በፊት የነበረውን ረዳት ፈልጎ ለምን እንደለቀቀ ይጠይቀው። እኔን ቢጠይቀኝ፣ ሁለተኛ ልጄ ሊወለድ ሁለት ወር ሲቀረው ኢንሹራንስ ያለው ሥራ አግኝቼ ነው የወጣሁት።