ኢንፍሉዌንዛን ተከትሎ የሚመጣው የሳንባ ምች

የአንባቢያን ጥያቄ እና የሐኪሙ መልስ

ጥያቄ፦ ስለ ኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በተነሳ ቁጥር የምንሰማው ስለ ቫይረሱ ብቻ ነው። በቅርቡ ግን አንድ ባለሙያ፣ በወረርሽኝ ጊዜ ብዙ ሰው የሚሞተው ቫይረሱን ተከትሎ በሚመጣ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነው ሲሉ ሰማሁ። ይህ እውነት ከሆነ፣ የሚመጣው ቫይረስ ምን ዓይነት እንደሚሆን ሳይታወቅ ከወዲሁ መዘጋጀት ይቻላል? ዕድሜዬ 68 ነው፤ የስኳር ሕመምም አለብኝ።

መልስ፦ የሰሙት እውነት ነው፤ መዘጋጀትም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናት፣ በ1918ቱ ወረርሽኝ ጊዜ ከሞቱ 58 ሰዎች ተወስዶ የቆየ የሳንባ ናሙና በማይክሮስኮፕ መርምሮ፣ ውጤቱንም በዘመኑ ከተመዘገቡ ከ8,000 በላይ የአስከሬን ምርመራዎች ጋር አገናዝቦ፣ አብዛኞቹን ሟቾች ለሞት ያበቃቸው ባክቴሪያ ያስከተለው የሳንባ ምች ሳይሆን አይቀርም ከሚል መደምደሚያ ደርሷል። ያኔ ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር። ይሁንና በአንቲባዮቲክ ዘመንም ችግሩ አልጠፋም፤ በ2009ኙ ወረርሽኝ በአሜሪካ ከሞቱ 77 ሰዎች የተወሰደ ናሙና ሲመረመር በ22ቱ ላይ ባክቴሪያ ተገኝቷል፤ ከእነዚህም በ10ሩ ላይ የተገኘው ኒሞኮከስ የሚባለው ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የመተንፈሻ ቧንቧችን ውስጠኛ ገጽ ጥቃቅን ፀጉር መሰል አካላት ባሏቸው ሕዋሳት የተሸፈነ ሲሆን፣ እነዚህ አካላት ያለማቋረጥ እየተወዛወዙ አክታን ከያዘው ቆሻሻና ተሕዋስያን ጋር ወደ ጉሮሮ ይገፋሉ። የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ የሚራባው በእነዚሁ ሕዋሳት ውስጥ በመሆኑ ሕዋሳቱ ሲሞቱ ጠረጋው ይቆማል፣ የቧንቧው ግድግዳም ይቆስላል፤ በሳንባ ውስጥ ባክቴሪያን የሚውጡት የመከላከያ ሕዋሳትም ለጊዜው ይዳከማሉ። በዚህ ጊዜ ቀድሞም በብዙ ጤናማ ሰዎች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ያለ ጉዳት ይኖሩ የነበሩት እንደ ኒሞኮከስና ስታፊሎኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎች ወደ ሳንባ ወርደው ይራባሉ። ስለዚህ ቫይረሱ አዲስ ቢሆንም ባክቴሪያዎቹ የምናውቃቸው ናቸው፤ ዛሬውኑ መዘጋጀት የምንችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ለአዲስ የወረርሽኝ ቫይረስ ክትባት ሠርቶ ለማዳረስ ወራት ይወስዳል። የኒሞኮከስ ክትባት ግን አሁን አለ፤ በተለይ ለሕፃናት፣ ለአረጋውያን፣ እንዲሁም የስኳር፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ላለባቸው ይመከራል። እርስዎ በሁለት ምክንያት የሚመለከትዎ ስለሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮዎ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ ወረርሽኙ ከገባ በኋላ ወረፋው ይበዛል። ክትባቱ ስታፊሎኮከስን እንደማይከላከል ግን ልንገርዎ፤ ስለዚህ ቢከተቡም የሕመሙን አካሄድ ማወቅ ይኖርብዎታል። የሚያጨሱ ከሆነ ማቆም የሳንባን መከላከያ ያግዛል፤ የስኳር መጠንዎን መቆጣጠርም እንዲሁ።

አንድ ነገር ለቤተሰብዎ ጭምር እንዲያስረዱ እለምንዎታለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያታልለው ሕመምተኛው የተሻለው መስሎ ከታየ በኋላ የሚመጣው ነው። ትኩሳቱ ይበርዳል፣ ከአልጋው ተነሥቶ ምግብ መቅመስ ይጀምራል፤ ቤተሰብም ተመስገን ይላል። ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ በድንገት ያንቀጠቅጠዋል፣ ትኩሳቱ ይመለሳል፣ ሲተነፍስ ጎኑን ይወጋዋል፣ አክታውም ቢጫ ወይም የዝገት መልክ ይይዛል። ይህ ሲሆን የጉንፋን ቅሪት ነው ብሎ ማደር አይገባም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። በአንዳንዶች ላይ ደግሞ ይህ የፋታ ጊዜ ጨርሶ ሳይኖር ሁለቱ ሕመሞች ይደራረባሉ፤ ስለዚህ የትንፋሽ ማጠር በየትኛውም ቀን ቢመጣ ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል። እንደ እርስዎ ያለ ሰው ገና ትኩሳት ሲጀምረው ሐኪም ቢያማክር ደግሞ ሌላም ጥቅም አለው፤ የኢንፍሉዌንዛ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ሕመሙ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ሲወሰድ ነው።

በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ከገዙ በጤናዎ ጊዜ ለክተው ቁጥሩን ይጻፉት፤ ከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ጤነኛም ሆኖ ቁጥሩ ዝቅ ሊል ይችላልና። ከ90 በመቶ በታች መውረድ ግን ኦክስጅን የሚያስፈልገው ድንገተኛ ሁኔታ ነው።

ጥያቄ፦ በወረርሽኝ ጊዜ መድኃኒት ቤቶች ባዶ እንዳይሆኑ ሰግቼ፣ አሞክሲሲሊን ገዝቼ ቤት ላስቀምጥና ትኩሳት የጀመረው ሰው ወዲያው ይውሰድ ብዬ አስቤያለሁ። ስሕተት ነው?

መልስ፦ ስጋትዎ ይገባኛል፤ ሐሳቡን ግን ይተዉት። አሞክሲሲሊን በቫይረስ ላይ ምንም አይሠራም፤ አስቀድሞ መዋጡም መድኃኒቱን የለመደና በእርሱ የማይሞት ባክቴሪያ እንዲበዛ በር ይከፍታል። ስታፊሎኮከስ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አሞክሲሲሊን ብቻውን አያድነውም፤ ቤተሰቡ መድኃኒት ተሰጥቷል ብሎ ሲዘናጋ ውድ ሰዓታት ያልፋሉ። አንቲባዮቲክ አከማችቶ መጠበቅ የጤና ተቋማትና የመንግሥት ድርሻ ነው፤ ኦክስጅንም እንዲሁ፣ ያውም በእኔ እምነት ከሁሉ አስቀድሞ ሊታሰብበት የሚገባው እርሱ ነው።

ጥያቄ፦ የሦስት ዓመት ልጅ አለኝ። ሌሊት ሲያስል ጉንፋን ይሁን የሳንባ ምች በምን ልለይ?

መልስ፦ ትንፋሹን ይቁጠሩ። ልጁ ሳያለቅስ፣ በተለይም ተኝቶ ሳለ፣ ልብሱን ከፍ አድርገው ሆዱ ሲነሣ አንድ እያሉ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ ማባዛት ያሳስታል። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ 40 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር በታች ላለ ደግሞ 60 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል። አየር ሲስብ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ፣ መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የተንቀጠቀጠ ወይም ሲጠሩት የማይነቃ ከሆነ እስኪነጋ አይጠብቁ። ለትኩሳቱ አስፕሪን አይስጡት፤ ኢንፍሉዌንዛ በያዘው ልጅ ላይ ጉበትንና አንጎልን የሚጎዳ አደገኛ ሕመም ሊያስከትል ይችላል። በዕድሜውና በክብደቱ ልክ የታዘዘ ፓራሲታሞል ይበቃዋል።