ዋይፋዩ አለ፣ ኢንተርኔቱ የለም፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዎች ጋር

ሰላም ድሬዎች! የቤት ኮምፒውተር ኢንተርኔት ያስቸገራችሁ ጠይቁ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። እንደ አገራችን ወግ አንቱታ የለም፤ ሁላችሁንም አንተ፣ አንቺ ነው የምለው።

ጥያቄ (ከሳቢያን)፦ ኮምፒውተሬ ዋይፋይ ተገናኝቷል ይላል፤ ግን አንድም ገጽ አይከፍትም። ችግሩ የኮምፒውተሩ ነው የመስመሩ?

መልስ፦ ግማሹ ጠያቂ ይህንኑ ነው ያለው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። «ተገናኝቷል» ማለት ከራውተሩ፣ ማለትም ዋይፋዩን ከሚያሰራጨው ሳጥን ጋር ተገናኝቷል ማለት ብቻ ነው። ራውተሩ ከውጭው ዓለም ጋር መገናኘቱ ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ የስልክህን ዳታ አጥፋና በዚያው ዋይፋይ ሞክር። ስልኩም ካልከፈተ ኮምፒውተሩን ተወው፤ ራውተሩን ወይም መስመሩን ጠርጥር። ስልኩ ከከፈተ ጣጣው ኮምፒውተሩ ላይ ነው።

እንደዚያ ከሆነ ቪፒኤን (ኢንተርኔትህን በሌላ ሰርቨር በኩል አዙሮ የሚያስገባ ፕሮግራም) ከፍተህ ረስተኸው እንደሆነ እይ። ይሄ ብዙ ሰው ያስቸግራል። ቀጥሎ ያንን ጥቁር የትዕዛዝ መስኮት (ኮማንድ ፕሮምፕት) ክፈት። ፒንግ የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል (ping) ጽፈህ፣ ክፍት ቦታ ትተህ፣ 8.8.8.8 ጨምርበት። መልስ ከመጣ መስመሩ ደህና ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸው ዲኤንኤስ ነው። ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት ነው። በኔትወርክ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 አድርገው። የመጀመሪያው የጎግል፣ ሁለተኛው የክላውድፍሌር ነው፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

ፒንጉ መልስ ካጣ የኮምፒውተሩን የአይፒ አድራሻ፣ ማለትም በኔትወርኩ ውስጥ የሚታወቅበትን ቁጥር እይ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠህም፤ ኮምፒውተሩ ለራሱ ያወጣው ቁጥር ነው። ዋይፋዩን አጥፍተህ አብራ፤ እምቢ ካለ ራውተሩን ሪስታርት አድርግ።

ጥያቄ (ከከዚራ)፦ ራውተሩ ላይ ቀይ መብራት በርቷል። የኋላውን ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ ልጫነው?

መልስ፦ ኧረ አቦ፣ አትንኪው! ያቺ ቀዳዳ ሪሴት ነች። ስትጫኛት ራውተሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። በውስጡ የተሞላው የመስመሩ የተጠቃሚ ስምና ፓስዎርድ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ቢስተካከል እንኳ እንደገና እስኪሞላ ድረስ አትገቢም። አንቺ የምትፈልጊው ሪስታርት ነው፦ ከሶኬት ነቅለሽ፣ ግማሽ ደቂቃ ጠብቀሽ፣ መልሰሽ መሰካት። ወረቀቱ ላይ የተሰጠሽን ስምና ፓስዎርድም ፎቶ አንስተሽ አስቀምጪ።

ቤትሽ የገባው ፋይበር ከሆነና ቀዩ መብራት «ሎስ» (LOS) በሚለው በኩል ከሆነ፣ ራውተሩ ጋ ብርሃን እየደረሰ አይደለም። ፋይበር ከመስታወት የተሠራ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ነው። ሶፋ ሲገፋ ተጨፍልቆ፣ በር ሥር ታጥፎ፣ አይጥ በልታው ሊሆን ይችላል። የታጠፈ ካየሽ ቀስ ብለሽ አቃኚው። ካልሆነ ባለሙያ ጥሪ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ 994 ነው። ጫፉን ነቅለሽ ግን በዓይንሽ አትመልከቺ። ብርሃኑ አይታይም፣ ዓይን ግን ይጎዳል።

ጥያቄ (ከገንደ ቆሬ)፦ የእኛ በስልክ ገመድ ነው የሚገባው። ዝናብ ሲመጣ ይቆራረጣል፤ ስልኩም ይንሿሿል።

መልስ፦ የመዳብ ሽቦ መጋጠሚያ ላይ ውሃ ሲገባ ይዝጋል። የስልኩ መንሿሿት ጥሩ ምልክት ነው፤ ሁሉንም ነቅለህ ስልኩን ብቻ መጀመሪያው ሶኬት ላይ ሰክተህ አዳምጥ። አሁንም ከተንሿሿ ብልሽቱ ከውጭ ነው። ስታመለክት «ኢንተርኔት ቀርፋፋ ነው» ሳይሆን «ስልኩ ይንሿሿል» በል፤ የመስመር ሠራተኛ ቶሎ ይገባዋል። ድምፁ ከጠራ ግን ስፕሊተሩን፣ ማለትም የስልኩንና የኢንተርኔቱን መስመር የምትለየዋን ትንሽ ዕቃ ለውጥ።

ጥያቄ (ከመጋላ)፦ የትኛውንም ገጽ ስከፍት ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይለኛል። ቫይረስ ነው?

መልስ፦ ቫይረስ ከማለትህ በፊት ወደ ስክሪኑ ማዕዘን ዝቅ ብለህ ቀኑን እይ። እያንዳንዱ ድረ ገጽ እንደ መታወቂያ የሚሆን ሰርተፍኬት አለው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል። ብሮውዘሩ (ድረ ገጽ የምትከፍትበት ፕሮግራም) ይህን ከኮምፒውተርህ ቀን ጋር ያስተያያል። ቀኑ ከተዛባ የሁሉም ሰርተፍኬት ጊዜ የተሳሳተ ይመስለዋል።

እኛ አገር ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው አይጠፋም። 2017 ብትለው ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጆቹን 2017 ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወሰድከው ማለት ነው! ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር አትሙላው። ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልሉን ናይሮቢ አድርገው፤ ከእኛ ጋር አንድ ነው።

ቀኑን አስተካክለህ መብራት በሄደ ቁጥር የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ባትሪ አልቋል። ሲአር 2032 የምትባለው፣ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችው ባለ 3 ቮልት ባትሪ ነች። ማስጠንቀቂያው በአንድ ገጽ ላይ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ግን ቀኑ አይደለም፤ በተለይ የባንክ ገጽ ከሆነ አልፈህ አትግባ።

ጥያቄ (ከሐረር፣ ጀጎል)፦ ሳሎን ይሠራል፤ ጓዳ ስገባ ይጠፋል።

መልስ፦ ሐረሬም መጣ! የጀጎል ግድግዳ ድንጋይ ነው፤ ወፍራም ነው፤ ሲግናል ይበላል። ራውተርህ 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝ ካለው ለጓዳ 2.4ን ተጠቀም። 5 ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድለትም። ራውተሩን ከቴሌቪዥን ኋላ አውጥተህ በበሩ ትይዩ ከፍ አድርገህ አስቀምጠው። ለዴስክቶፕ የኔ ምርጫ የኔትወርክ ገመድ ነው፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል።

ጥያቄ (ከዲፖ)፦ 4 ሜጋ እከፍላለሁ፤ ሳወርድ 500 ኪሎ ብቻ ያሳያል። እየተበላሁ ነው?

መልስ፦ አልተበላህም። የሚሸጥልህ በሜጋቢት፣ ስታወርድ የምታየው በባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ነው። ለስምንት አካፍለው፤ ልክ ነው።

ጥያቄ (ከታይዋን አካባቢ)፦ ፓስዎርድ ለማንም አልሰጠሁም፤ ጎረቤት ግን ይገባብኛል።

መልስ፦ ዋሪያ፣ ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ደብሊውፒኤስ (WPS) የሚለውን አጥፋው። ስልክ በቀላሉ እንዲገናኝ የተሠራ ነበር፤ ግን ባለ 8 አሃዝ ቁጥሩ በሁለት ተከፍሎ ስለሚፈተሽ ቢበዛ በ11,000 ሙከራ ይገኛል። ለኮምፒውተር ፕሮግራም ይሄ ምንም አይደለም። ከዚያ የዋይፋዩን ፓስዎርድ፣ የራውተሩን መግቢያ ፓስዎርድም ጭምር ቀይር። መግቢያው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ ከራውተሩ ሥር ተለጥፎ ታገኘዋለህ።

ጥያቄ (ከአሸዋ)፦ ዛሬ ማታ የግድ ፋይል መላክ አለብኝ፤ ዴስክቶፑ ዋይፋይ የለውም፣ መስመሩም ሞቷል።

መልስ፦ ስልክሽን በቻርጀሩ ገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኚ፤ ከሆትስፖት ሴቲንግ ውስጥ ዩኤስቢ ቴተሪንግን (የስልኩን ዳታ በገመድ ለኮምፒውተሩ የሚያካፍለውን) አብሪ። ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ አይሠራም፤ ሌላ ተዋሺ። የዊንዶውስ አፕዴቱንም አስቀድመሽ አቁሚው፤ ፓኬጅሽን ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል።