ከበዓሉ ማግስት የሚወጣው ጆንያ፦ የላካችኋቸው ጥያቄዎችና የኔ መልስ

በዓል ሲደርስ የሚላክልኝ ጥያቄ ሁሌ ስለ ምግብ አሰራርና ስለ ስጦታ ነበር፣ ዘንድሮ ግን ምን እንደነካችሁ እንጃ ግማሹ ስለ ቆሻሻ ሆኖ አረፈው። ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል የተመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌዋለሁ፣ ያልደረሳችሁ ቅር እንዳይላችሁ።

«በሰፈራችን ልጆቹ ተሰብስበው መቶ ፊኛ ወደ ሰማይ እንዲለቁ አስበናል። ሻጩ ከተፈጥሮ ጎማ ነው የተሰራው፣ ይበሰብሳል ብሎናል። ችግር አለው እንዴ?»

አለው። ሰውዬው አልዋሸም፣ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገራችሁ። ላቴክስ የሚባለው ፊኛ መነሻው የጎማ ዛፍ ወተት ነው፣ ከዛ በኋላ ግን ቀለምና ኬሚካል ይገባበታል፣ ቢበሰብስ እንኳን የሳምንት የሁለት ሳምንት ነገር አይደለም፣ ወራት ሲብስም ዓመታት ይፈጃል። እስከዛ የት ነው የሚቀመጠው? ዛፍ ላይ፣ ወንዝ ውስጥ፣ ባህር ላይ። የተቀደደ ፊኛ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ደግሞ ለወፍ የሚበላ ነገር ይመስላታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት የባህር ወፎችን መርምሮ፣ ፊኛ መዋጥ ደረቅ ፕላስቲክ ከመዋጥ ይልቅ ወፏን የመግደል ዕድሉ 32 እጥፍ ነው ብሏል። ደረቁ ሊያልፍላት ይችላል፣ ፊኛ ግን ልስልስ ስለሆነ አንጀቷ ላይ ተለጥፎ ይዘጋታል።

መቶ ፊኛ ምን ያደርጋል ካላችሁኝ ደግሞ እሺ፣ ትልቁን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ለበጎ አድራጎት ተብሎ 1.5 ሚሊዮን የሚጠጋ ፊኛ በአንዴ ተለቀቀ፣ ሲነሳ ሲያዩት ያምራል፣ ከዛ ዝናብና ነፋስ መጣና ሁሉንም ወደ መሬት መለሰው። ሀይቁ በፊኛ ተሸፈነ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ለጊዜው ተዘጋ፣ በዛው ሰሞን ሀይቁ ላይ የጠፉ ሁለት ዓሣ አስጋሪዎችን የሚፈልጉት ሰዎች ደግሞ የሰው ጭንቅላትና ፊኛ መለየት አቃታቸው። ሰዎቹ በኋላ ሞተው ነው የተገኙት።

ሌላው ሂሊየሙ ነው። ከመሬት ውስጥ ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር የሚወጣ ነገር ነው፣ አንዴ ከተለቀቀ አይመለስም፣ ቀስ እያለ ከምድር አየር ወጥቶ ይሄዳል። ሆስፒታል ያለው፣ የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየው የኤምአርአይ ማሽን ማግኔቱ የሚቀዘቅዘው በሱ ነው። እና ልጆቹ እንዳይከፋቸው የሳሙና አረፋ ስጧቸው፣ ወይ እንጨት ላይ የጨርቅ ቅዳጅ አስራችሁ ይዘው ይሩጡ። ልጅ እኮ የሚፈልገው መሮጥ ነው።

«የስጦታ መጠቅለያ ወረቀት ሪሳይክል ይደረጋል አይደረግም? ጓደኛዬ ወረቀት ስለሆነ ይደረጋል ብላ ትከራከረኛለች።»

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ እንደ ወረቀቱ ነው። መለያው ቀላል ነው፣ ወረቀቱን በእጅሽ ጨምድጂውና ልቀቂው። እንደተጨማደደ ከቀረ ወረቀት ነው፣ ስኮቹንና ሪባኑን አንስተሽ ከወረቀት ጋር ጣዪው። ተመልሶ ከተዘረጋ ፕላስቲክ ነው ወይም ፕላስቲክ ተለብዷል፣ እሱ አይሆንም። ብልጭልጭ (ግሊተር) የተነሰነሰበትም አይሆንም፣ ግሊተር ማለት ብናኝ ፕላስቲክ ነው፣ ከምንጣፍ እንኳን በስንት መጥረጊያ ነው የሚለቀው፣ ከውሃ ውስጥ ማን ያወጣዋል። የአውሮፓ ህብረት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ልቅ የሆነውን የፕላስቲክ ግሊተር ሽያጭ የከለከለው ያለ ነገር አይደለም።

ግን እኔ ከሪሳይክሉ በላይ የምወደው የአክስቴን ዘዴ ነው። ስጦታ ስትከፍት የጥፍር መቁረጫ አስመጥታ ስኮቹን ብቻ ታነሳለች፣ እኛ ውስጡን ለማየት ስንቁለጨለጭ እሷ ወረቀቱን በመዳፏ ትዳምጣለች፣ ከዛ አራት ላይ አጥፋ ፍራሽ ስር። በዓመቱ ሲወጣ ካውያ የተተኮሰ ነው የሚመስለው። አንድ ሰማያዊ ወረቀት ነበረ፣ መጀመሪያ የመጣው ትልቅ ሳጥን ላይ ነው፣ በየዓመቱ ጠርዙ ሲቀደድ ሲቆረጥ ሲቆረጥ መጨረሻ ላይ የጆሮ ጌጥ ጠቅልሎ ሞተ። ያኔ እናፍር ነበር እኮ!

«ሁልጊዜ ምግብ ተርፎን እንደፋለን። እንግዳ ፊት እንዳያልቅ እያልኩ አበዛለሁ፣ ባለቤቴ ይቆጣል። ምን ላድርግ?»

እህቴ ይሄ ጥያቄ ከሁሉም የሚበልጠው ነው፣ መጠቅለያው ምኑም ፊኛው ምኑም ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝር።

የተባበሩት መንግስታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በ2022 ብቻ ዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፣ ለተጠቃሚ ከቀረበው 19 በመቶው መሆኑ ነው፣ ከዛ ውስጥ ደግሞ 60 በመቶው የወጣው ከሆቴል አይደለም ከሱቅ አይደለም ከሰው ቤት ነው። ምግብ ሲደፋ ብቻውን አይደፋም፣ ያበቀለው ውሃ፣ ማዳበሪያው፣ ያመጣው መኪና ነዳጅ፣ ያበሰልሽበት እሳት ሁሉ አብሮ ነው የሚደፋው። ቆሻሻ መጣያ ቦታ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ቆሻሻ ይከመርበትና አየር ያጣል፣ አየር በሌለበት የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ሚቴን የሚባል ጋዝ ይወጣል፣ ሚቴን በ100 ዓመት ሂሳብ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ሙቀት ያፍናል።

አሁን ወደ ድስትሽ እንምጣ። ስትሰሪ የምትገምቺው ሁሉም እንግዳ ሁሉንም ዓይነት እስኪጠግብ እንደሚበላ ነው፣ እንደዛ የሚሆነው ደግሞ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ሲኖር ነው። አምስት ዓይነት ካቀረብሽ ሰው ከየአይነቱ ቅመስ ቅመስ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ ዓይነት ስትጨምሪ የእያንዳንዱን መጠን ቀንሺ፣ ወይ ዓይነቱን ቀንሺ። ሳህኑ ትንሽ ይሁን፣ ሰው ደግሞ ይነሳል ችግር የለውም፣ ትልቅ ሳህን ላይ ተከምሮ ግማሹ የሚቀረው ነው ማንም የማይበላው። ድስት ውስጥ የቀረ ምግብ ነው፣ ሳህን ላይ የቀረ ግን ቆሻሻ ነው። ሁሉንም በአንዴ ጠረጴዛ ላይ አታውጪው፣ ግማሹ ጓዳ ይቆይና በየመሀሉ ሙይ። ባዶ ጠረጴዛ የሚያስፈራሽ ከሆነ ደግሞ ፍራፍሬና ለውዝ አስቀምጪ፣ እነሱ ነገም ይበላሉ።

የተረፈው ላይ እኔም ጉድ ሆኛለሁ። አንድ በዓል ላይ ትልቁን ድስት ስጋ እንደሞላ ክዳኑን ከድኜ፣ ላዩ ላይ ፎጣ ጣል አድርጌ፣ ደክሞኝ ስለነበር ጠዋት ፍሪጅ አስገባዋለሁ ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ክዳኑን ሳነሳው ላዩ ላይ ትንንሽ አረፋ ይላል፣ መሀሉ ላይ ጣቴን ስከት ገና ለብ ያለ ነው። ሽታውን አልነግራችሁም። ትልቅ ድስት መሀሉ ሌሊቱን ሙሉ አይቀዘቅዝም፣ ለባክቴሪያ ደግሞ ለብታ ሰርግ ነው። ስለዚህ ከእሳት ከወረደ በሁለት ሰዓት ውስጥ በጥልቅ ሳይሆን በዝርግ ዕቃ ከፋፍለሽ ፍሪጅ፣ ፍሪጁ ከ4 ዲግሪ አይብለጥ፣ በሶስት በአራት ቀን ይበላ፣ እስከዛ የማትበይውን ዛሬውኑ ፍሪዘር። ስታሞቂ ደግሞ እስኪፍለቀለቅ። እና እንግዶችሽ ሲመጡ ክዳን ያለው ዕቃ ይዘው እንዲመጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ የሚያሳፍር ይመስላል፣ ሲወጡ ግን ደስ ብሏቸው ነው የሚሄዱት።

ባለቤትሽ ከመቆጣት ዕቃውን ቢያጥብ።

«የሚጣል ኩባያና ሳህን ሀጢያት ነው ትላላችሁ፣ ማጠቢያውስ ውሃ አይደለም? የወረቀት ብጠቀምስ? ባዮ የሚሉትስ?»

የወረቀት ኩባያ ወረቀት ብቻ ቢሆን ሻዩ ጉልበትዎ ላይ ነበር የሚገኘው። ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበደ ነው፣ ለዛ ነው ብዙ ቦታ ከወረቀት ጋር የማይቀበሉት። «ባዮ» የሚለውን በተመለከተ እኔ ራሴ ተሸውጃለሁ። ይበሰብሳል የሚል ቅጠል የተሳለበት ኩባያ ገዝቼ፣ ከበዓሉ በኋላ ኩራት በኩራት ሆኜ ጓሮ ቀበርኩት። በዓመቱ ሽንኩርት ልተክል ስቆፍር ዶማው ጠቅ አለው፣ አወጣሁት፣ አፈሩን ጠረግኩት፣ ቅጠሉ እንኳን አልደበዘዘም! ነገሩ እነዚህ ፒኤልኤ ከሚባል ከተክል ከሚሰራ ፕላስቲክ የተሰሩት የሚበሰብሱት ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት በሚሰራ የኮምፖስት ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ የኔ ጓሮ ደግሞ ያን ያህል አይሞቅም።

ስለ ውሃው ልክ ነዎት፣ ቧንቧ ከፍተው የሚያጥቡ ከሆነ። ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ በአንዱ አጥበው በሌላው ያለቅልቁ። ካነሰዎት ከጎረቤት ይዋሱ፣ ከስሩ በጥፍር ቀለም ነጥብ ያድርጉበት እንዳይቀላቀል። እና ደግሞ የኩባያው ጆሮ ላይ ለያንዳንዱ ሰው የተለያየ ቀለም ክር ይሰሩ፣ አለበለዚያ አንድ ሰው በአንድ ቀን አራት ኩባያ ነው የሚያቆሽሸው፣ «የኔ የቱ ነበር» እያለ።

«የገና ዛፍ፣ እውነተኛው ይሻላል ፕላስቲኩ? አለን አንድ አሮጌ ፕላስቲክ ግን አስጠልቶኛል።»

ያ ያስጠላሽ ይሻላል። ካርቦን ትረስት የሚባለው የእንግሊዝ ድርጅት ባወጣው ስሌት ሁለት ሜትር የፕላስቲክ ዛፍ 40 ኪሎ ግራም ገደማ የካርቦን ልቀት አለው፣ ተመሳሳይ እውነተኛ ዛፍ ተፈጭቶ አፈር ላይ ከተመለሰ ወይ ከተቃጠለ 3.5 ኪሎ አካባቢ ነው፣ ቆሻሻ መጣያ ተጥሎ እዛ ከበሰበሰ ግን 16። አስሊው፣ ከ3.5 ኪሎው ጋር ሲነጻጸር ፕላስቲኩ ከአስር ዓመት በላይ ካላገለገለ አይካካስም። አንቺ ጋ ያለው የተመረተበት ጉዳት አንዴ አልፏል፣ የረገፈውን ቅርንጫፍ ወደ ግድግዳው አዙሪው። ምንም የሌለው ሰው ደግሞ ግቢው ያለውን ዛፍ ያስጊጥ፣ ወይ ከነስሩ በባልዲ ያለ ይግዛ።

«መብራቱስ?»

አጭር ጥያቄ፣ አጭር መልስ። ኤልኢዲ። ከድሮው አምፖል ቢያንስ 75 በመቶ ያነሰ ኃይል ነው የሚበላው፣ እስከ 25 እጥፍም ይቆያል፣ ስለማይግልም የእሳት ስጋቱ ይቀንሳል። ታይመር ግጠሙለት፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን ሊያየው ነው። (እ.ኤ.አ. በ1882 ኒው ዮርክ ላይ ኤድዋርድ ጆንሰን የሚባል የኤዲሰን ባልደረባ ነው መጀመሪያ ዛፍ ላይ የኤሌክትሪክ መብራት የሰቀለው፣ 80 አምፖል። ከዛ በፊት የሚቃጠል ሻማ ነበር ደረቅ ዛፍ ላይ የሚሰኩት፣ ቤታቸው እንዴት እንደተረፈ እንጃ።)

«ርችት ካልተኮስን በዓል በዓል አይሸትም ይላሉ ልጆቼ።»

የሚሸተው እኮ ጭሱ ነው። ቀዩ ቀለም ስትሮንቲየም ነው፣ አረንጓዴው ባሪየም፣ ሰማያዊው መዳብ፣ ተቃጥሎ ብናኙ ወደ ሳንባ ነው የሚሄደው። ውሻ ያላቸው ጎረቤቶችዎን ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ማለቂያ፣ የዘመን መለወጫው ሌሊት፣ አሜሪካ አርካንሳስ ውስጥ ቢቢ በምትባል ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች በጨለማ ደንግጠው ከማደሪያቸው ተነስተው ከቤትና ከዛፍ ጋር እየተጋጩ አልቀዋል፣ ምክንያቱ የርችት ድምፅ ነው የተባለው። ከተማው በጋራ የሚተኩሰው ካለ ልጆቹን ይዘው ሄደው ያሳዩዋቸው፣ አንድ ሰማይ ላይ አንዱ ይበቃል፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱን መተኮስ የለበትም።

«ይሄን ሁሉ ሳደርግ የባሌ እህት 'ቋጣሪ' አለችኝ። ሰው ፊት!»

አይዞሽ፣ እኔንም ብለውኛል። እኔ ያገኘሁት መላ ቁጠባው አይታይ፣ ልግስናው ይታይ ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ ንግግር አታድርጊ፣ በበዓል ቀን ማንም ትምህርት አይፈልግም። የሸክላ ሳህኑን «ለናንተ ክብር ነው ያወጣሁት» ብለሽ አቅርቢው፣ ውሸትም አይደለም፣ የሚጣል ሳህን ለእንግዳ ክብር ሆኖ አያውቅም። የምግቡን መጠን ቀንሰሽ ቁጭ ብለሽ የምታጫውቻቸውን ሰዓት ጨምሪ። ለሷ ደግሞ ስትወጣ ከተረፈው ጥሩ ጥሩውን በክዳን ዕቃ ሞልተሽ አስይዣት። ዕቃውን ግን ትመልስ፣ የኔ አራቱ እስካሁን አልተመለሱም።