«ልክ እንደዚያኛው አድርገህ ሥራልኝ»

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ፣ እንዴት ነዎት? ሐዋሳ ውስጥ ኪቦርድ እጫወታለሁ። የልጅነት ጓደኛዬ የመጀመሪያ ፊልሙን ቀርጾ ማጀቢያ ሙዚቃውን ሥራልኝ አለኝ። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ችግሩ፣ ፊልሙን የሰጠኝ የሌላ ሰው ሙዚቃ አስገብቶበት ነው። ሦስት ጊዜ ሠራሁ፣ ሦስት ጊዜ መለሰው። «አሪፍ ነው፣ ግን እንደዚያኛው አይደለም» ይላል። ልተወው ብል ጓደኝነታችን ያሳሳኛል። ልቅዳው ብል ሌብነት ነው። ምን ይሻለኛል?
ግራ የገባው፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ወንድሜ፣ በጓደኛህ አትፍረድ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ማለቴ እንደኔ ያለው ኤዲተር። ፊልም ስንቆርጥ ዝምታው ይከብደናል። እጃችን ላይ ያገኘነውን ሙዚቃ «ለጊዜው» ብለን ከሥሩ እናስገባለን። ዳይሬክተሩ ያንን ደጋግሞ ያየዋል። ከዚያ ወዲያ ጆሮው ሌላ አይቀበልም። እኔ አንድ ጊዜ ለለቅሶ ትዕይንት ለጊዜው የጣልኩት ዋሽንት እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ሙዚቃውን የሠራው ልጅ ሁለት ዓመት አኮረፈኝ። እውነቱን ነበር።

ትልልቆቹም አላመለጡም። ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ እ.ኤ.አ. በ1968 ለወጣው የጠፈር ፊልሙ አሌክስ ኖርዝን ሙዚቃ አሠራው። ከዚያ ለጊዜው ያስገባቸውን የክላሲካል ሥራዎች አስቀርቶ የሰውየውን ጣለ። ኖርዝ ይህን ያወቀው ፊልሙን ቁጭ ብሎ ሲያይ ነው! በዚያው ዓመት ደግሞ ሌላው ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ አንድ ዌስተርን፣ ማለትም የካውቦይ ፊልም፣ አወጣ። የዚያን ፊልም ዜማ ኤንዮ ሞሪኮኔ ከቀረጻው በፊት ሠርቶት ነበር። ሊዮኔ ቀረጻ ቦታው ላይ እያስከፈተው ተዋንያኑ እየሰሙ ተጫወቱ።

አንተን ያ ዕድል አልፎሃል። ስለዚህ ፋይል መላላክ ይቅር። ኪቦርድህን ይዘህ ቤቱ ሂድ። ፊልሙን ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። «አሳዛኝ ይሁን»፣ «ሞቅ ይበል» የሚለውን ወሬ ተዉት። ያንኑ ትዕይንት አንዴ በትዝታ፣ አንዴ በባቲ፣ አንዴ በአንቺሆዬ ተጫወትለት። የቅኝቱን ስም አትንገረው፣ ፊቱን ብቻ እይ። ከዚያኛው ሙዚቃ ምኑን እንደወደደውም ጠይቀው። ብዙ ጊዜ ዳይሬክተር የሚወደው ዜማውን አይደለም፤ የሚገባበትን ቦታ ነው። በሩ ተዘግቶ፣ ሦስት ሰከንድ ዝም ብሎ፣ ከዚያ አንድ ክራር። ይህንን ከመውሰድ የሚከለክልህ የለም።

አሁንም «ያንኑ» ካለ ባለቤቱን ያስፈቅድና ይክፈል። ጂም ጃርሙሽ የሙላቱ አስታጥቄን የቆዩ ሥራዎች ወደደ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው ፊልሙ እነሱኑ ተጠቀመ። አስመስለህ ሥራልኝ ብሎ ሌላ ሰው አላሰቃየም።

አራተኛውን ከመጀመርህ በፊት ግን ኤዲቱ ማለቁን አረጋግጥ። ሁለት ሰከንድ ከተቆረጠ ከበሮህ ጥፊው ላይ መሆኑ ቀርቶ ሻይ የሚቀዳው ሰውዬ ላይ ይወድቃል። ስንት ጊዜ እንደምታስተካክል፣ ስንት እንደሚከፍልህ፣ ስምህ ፖስተሩ ላይ የት እንደሚገባም በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ፈርሙ። ጓደኛሞች ስለሆናችሁ ነው እንዲያውም።

ኤዲተሩንም ሰላም በልልኝ። ያንን ሙዚቃ ከሥሩ ያውጣው።