ሐዋሳ ላይ ከእናትና ከልጅ ጋር በእግር የት የት ይኬዳል?

እህቴ፣ ጥያቄሽን እንደተረዳሁት ሐዋሳ ሦስት ቀን ትቆያላችሁ፣ እናትሽ ስድሳን አልፈዋል፣ ልጅሽ ደግሞ 9 ዓመቱ ነው። ቀላልና መካከለኛ የእግር መንገድ ትፈልጊያለሽ፣ ያለ አስጎብኚ መሄድ ይቻል እንደሆነም ጠይቀሻል። እኔ እዚያው ከተማ ኖሬያለሁ፤ አሁንም ለሥራ እመላለሳለሁ። የማውቀውን ልንገርሽ፣ ረዘም ካለብሽ ታገሺኝ።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዢልኝ። ሐዋሳ ላይ መንገድን የሚያከብደው ርቀቱም ዳገቱም አይደለም፣ ሰዓቱ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ከአዲስ አበባ ስትወርዱ ከፍታው በ600 ሜትር ያህል ስለሚቀንስ ትንፋሽ አያስቸግራችሁም። የሚጥላችሁ ፀሐዩ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እናትሽ እየተጫወቱ የሚወጡት ዳገት 6 ሰዓት ላይ አንቺንም ቁጭ ያደርግሻል። ስለዚህ ጠዋት በ12 ሰዓት ተነሡ፣ 3 ሰዓት ተኩል ሲል ጥላ ውስጥ ግቡ። ከዚያ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ምን አለበት። ከ10 ሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና መውጣት ይቻላል።

ለመጀመሪያው ቀን የሐይቁን ዳር ያዙ። ከቅዱስ ገብርኤል አደባባይ ቀጥ ብሎ የሚወርደው ሰፊው መንገድ መጨረሻ ላይ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ነው። ማንም ባጃጅ ያደርሳችኋል። ከዚያ ውሃውን በቀኝ አድርጋችሁ ወደ ደቡብ፣ ወደ አሞራ ገደል አቅጣጫ ትሄዳላችሁ። ሐይቁ ሞልቶ ከተማውን እንዳያጥለቀልቅ የተሠራው ግድብ ላይ ነው አብዛኛው መንገድ፣ ሜዳ ነው፣ ለጉልበት ምንም ማለት አይደለም። አንዳንድ ቦታ ሆቴል ወይም አጥር ይዘጋባችኋል፤ ያኔ ወደ ውስጠኛው መንገድ ገባ ብላችሁ ዞራችሁ መመለስ ነው። እየቆማችሁም ብትሄዱ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ውሃው ዳር ያለው ቄጠማ ውስጥ ወፉ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ልጅሽ ዝም ብሎ መቀመጥ ከቻለ ጥቁርና ነጭ የሆነችው ዓሣ አጥማጅ ወፍ አየር ላይ ቆማ ክንፏን ስታራግብና ድንገት ውሃው ውስጥ ስትወረወር ያያል።

አሞራ ገደል ላይ ለመግቢያ ጥቂት ብር ይከፈላል። ጠዋት በጊዜ ካልደረሳችሁ ግን ባትሄዱ ይሻላል፣ ምክንያቱም የቦታው ነፍስ የዓሣው ገበያ ነው። አጥማጆቹ ሌሊት የጣሉትን መረብ ይዘው በጀልባ ሲመለሱ፣ ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እያገላበጡ በቢላ ሲገፍፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ደግሞ ዙሪያቸውን ይሰለፋሉ። አባ ኮዳን በቅርብ አይተሽ ታውቂያለሽ? ቁመቱ የልጅሽን ያህል ነው። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለ ቀይ ከረጢት፣ አረማመዱ ደግሞ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው የሚመስለው። የዓሣ ጭንቅላት ሲወረወርለት አፉን ከፍቶ ይቀልባል፣ ከዚያ ያ ጭንቅላት በአንገቱ ውስጥ ሲወርድ ከውጭ ይታይሻል። ልጆች ከዚያ ቦታ አይነሡም። ብቻ ልጅሽ በእጁ ይዞ እንዳያጎርሰው፣ ምንቃሩ ቀላል አይደለም። ዛፉ ላይ ያሉት ጦጣዎችም ሌቦች ናቸው፣ ሙዝ በእጅ ይዞ መሄድ አይታሰብም። ሲጨርሱ የዓሣ ሾርባ እዚያው አለ።

እግረ መንገዴን ስለ ውሃው ልናገር። ሐይቁ ላይ ቢልሃርዚያ አለ፣ ከውሃው በቆዳ በኩል የሚገባ በሽታ ነው። ልጅሽ ጫማውን አውልቆ ዳር ዳሩን ልጫወት ቢልሽ እሺ አትበዪ። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ፣ ያ ማረጋገጫ አይደለም። ጉማሬም አለ፤ ማታ ማታ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል፣ ስለዚህ ሲመሻሽ ቄጠማው አጠገብ አትዙሩ። ከመሸ በኋላ ትንኝም ስላለ፣ ወባም ስላለ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ያዙ።

ሁለተኛው ቀን የታቦር ነው። ታቦር ተራራ ይባል እንጂ ኮረብታ ነው፤ ከአሞራ ገደል ቅርብ ነው። እኔ ቀላልና መካከለኛ መሐል ላይ ነው የማስቀምጠው። ቀስ ብሎ ለሚወጣ ከአንድ ሰዓት አያልፍም፣ ጤነኛ ሰው ደግሞ በግማሹ ይጨርሰዋል። አናቱ ላይ ስትደርሺ በአንድ በኩል ሐይቁ በሙሉ፣ በሌላው በኩል ከተማው ቀጥ ቀጥ ካሉት መንገዶቹ ጋር ተዘርግቶ ይታይሻል። እውነቱን ለመናገር ለዚያች ለትንሽ ላብ የሚከፈለው ክፍያ ከልክ በላይ ነው። እናትሽ ጉልበታቸውን የማያማቸው ከሆነ ይችሉታል። የሚያስቸግረው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው፤ መንገዱ ላይ የተበተነችው ጠጠር ታንሸራትታለች። ዱላ ይያዙ፣ ሶሉ ያላለቀ ሸራ ጫማ ያድርጉ። ውድ የተራራ ጫማ ለመግዛት ግን አትቸገሪ።

ታቦር መቼ ይወጣ? ብዙ ሰው የፀሐይ መጥለቂያ ይመርጣል፣ አልፈርድም፣ ከተማው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይዋ ውሃው ማዶ ነው የምትገባው። ግን ከናንተ ጋር አንድ ልጅና አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ በጨለማ እዚያ ጠጠር ላይ መውረድ ደግሞ ቁም ነገር አይደለም። እኔ ብሆን ጠዋት እወጣለሁ። ፀሐዩ ከጀርባችሁ ስለሚሆን ሐይቁን ፎቶ ለማንሣትም ጠዋቱ ነው የሚሻለው። የጀምበሯን መጥለቅ ፍቅር ሐይቅ ቁጭ ብላችሁ ቡና እየጠጣችሁ እዩት።

አላሙራ ሌላ ነገር ነው። በከተማዋ ደቡብ በኩል ያለው ተራራ ነው፣ ከታቦር ይረዝማል፣ ከፍም ይላል፤ ይኼ በደንብ መካከለኛ ነው። ግማሽ ቀን ያዢለት። አናቱ ላይ ታቦር ራሱ ከታች ትንሽ ሆኖ ይታይሻል። ለእናትሽ አልመክርም። ለልጅሽ ደግሞ በእሱ ልክ ነው የሚወሰነው፣ ደክሞኛል ማለት የሚወድ ከሆነ አዝለሽው ትወርጃለሽ። እናትሽን ሐይቁ ዳር ትተሽ አንቺና እሱ ብትሄዱ ይሆናል። በሰው ማሳና ደጃፍ በኩል ስታልፉ ሰላም በሉ፣ ሰው ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ዝናብ በጣለ ማግስት ግን ተዉት። ጭቃው እግር ይይዛል።

ሦስተኛውን ቀን ፍል ውሃ ላለበት ለወንዶ ገነት አውሉት። በሻሸመኔ በኩል ይኬዳል፣ የጠዋት ጉዞ ነው። ከፍል ውሃው በላይ ያለው ደን ውስጥ ሽቅብ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ፤ ጥላ ስላለው ሐዋሳ ላይ ያልኩሽ የፀሐይ ሕግ እዚህ ላላ ይላል። ጉሬዛ ታያላችሁ፣ ነጭ ጭራው ከቅጠሉ መሐል ሲንዠቀዠቅ ነው መጀመሪያ የሚታየው። ዝንጀሮም አለ። ምንጩ አጠገብ ውሃው በቆሎና ድንች ይቀቅላል፣ ቀልዴን አይደለም፣ ልጆቹ ቀቅለው ሲበሉ ታያላችሁ፤ ስለዚህ ልጅሽን እጁን ያዢው። እናትሽ ትንሽ ከተራመዱ በኋላ ገንዳው ውስጥ ቢገቡ ደስ ይላቸዋል። ቅዳሜና እሑድ ሰው ስለሚበዛ በሥራ ቀን ብታደርጉት ጥሩ ነው።

ጊዜውን አልነገርሽንም። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው፣ በልግም ያረጥባል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ለእግር ይመቻል። የፍቼ ጫምባላላ ሰሞን ከሆነ ግን፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ማለቴ ነው፣ ቀኑን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪ ሽማግሌዎች ኮከብ አይተው ስለሚወስኑት በየዓመቱ ይለዋወጣል። ያኔ ከተማው በሕዝብ ይሞላል። በእግር ለመንሸራሸር አይመችም፣ በዓሉን ለማየት ከሆነ ግን ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም፤ በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ዩኔስኮ የመዘገበው በዓል ነው። አልጋ ቀድማችሁ ያዙ።

ስለ አስጎብኚው፦ ለሐይቁ ዳር አያስፈልግም። ታቦርም መንገዱ ግልጽ ነው፣ ግን ሦስታችሁ ብቻ ሆናችሁ ጭር ባለ ሰዓት አትውጡ፤ ሠፈሩን የሚያውቅ አንድ ወጣት ቢያጅባችሁ ስልካችሁንም ልባችሁንም ያሳርፋል። ለአላሙራና ለወንዶ ገነት ደን ያዙ። ያረፋችሁበት ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ጠይቂ፣ የሚያውቁትን ሰው ይጠሩልሻል። ዋጋውን ከመነሣታችሁ በፊት ቁረጡ፣ ለሁላችሁም ነው ወይስ በሰው ብለሽ ጠይቂ። ባጃጁንም እንደዚሁ፣ ተሳፍሮ ከወረዱ በኋላ ክርክር አያዋጣም።