ሙሚ «ትንፋሽ ያዝ» አይባልም

ወንድሜ፣ «የጥንት ግብፆች አድርቀው በጨርቅ የጠቀለሏቸውን ሬሳዎች፣ ሙሚዎቹን፣ ጨርቁን ሳይፈቱ በሲቲ ስካን እንዴት ያዩዋቸዋል? ኤምአርአይ አይሻልም ነበር ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። ለንደን ሲቲ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሙሚ አስተኝቼ አላውቅም፤ ግን ማሽኑ ያው ነው።

ከኤምአርአይ እንጀምር። እሱ ምስሉን የሚያገኘው በዋናነት ሰውነት ውስጥ ካለው ውሃና ስብ ነው። ግብፆች ደግሞ ሬሳውን ናትሮን በሚባል ጨው ቀብረው ለ40 ቀን ያህል ያደርቁት ነበር። ቋንጣ በለው። በተለመደው ኤምአርአይ ምንም ያህል አይታይም። ሲቲ ግን ዞሮ ዞሮ ራጅ ነው። የሚለካው ጨረሩ ምን ያህል እንደታገደ ስለሆነ፣ ደረቀ አልደረቀ ግድ የለውም። ወርቅ ቦግ ብሎ ይነጣል፣ ከዚያ አጥንት፣ ጨርቁ ደብዘዝ ይላል። «ጨርቁን ፈቱት» የሚባለው ያንን ደብዛዛ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ከምስሉ ማስወገድ ነው። የካይሮ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ሳሃር ሳሊም ፈርዖን ቀዳማዊ አመንሆቴፕን እንዲህ አድርጋ አየችው። ውጤቱ በ2021 ሲወጣ ሰውየው ሲሞት 35 ዓመት ገደማ እንደነበር፣ በጨርቁ ውስጥም 30 ክታብ እንዳለ ታወቀ።

ሙሚን ሲቲ ማንሳቱ ቀላል ነው። የእኛ ሕመምተኛ ያስላል፣ ይገላበጣል፣ «ትንፋሽ ያዝ» ስትለው ሳቁ ይመጣል። ሙሚ ጸጥ ነው። ጨረር በዛበት ብሎ የሚጨነቅም የለም።

ጣጣው ንባቡ ላይ ነው። ሕያው ሰው አጥንቱ ከተሰበረ በኋላ ከሰነበተ፣ ስብራቱ ሲጠግን ምስሉ ላይ ይታያል። ያልጠገነ ከሆነስ? ሊሞት ሲል ነው የተሰበረው ወይስ ከ3000 ዓመት በኋላ ቆፋሪዎች ሰበሩት? ፈርዖን ቱታንክሃሙንን ውሰድ። በ1968 ራጅ ሲነሳ የራስ ቅሉ ውስጥ የአጥንት ስባሪ ታየ። «ጭንቅላቱን ተመትቶ ተገደለ» የሚል ወሬ ዓለምን ሞላ። በ2005 ሲቲ ሲነሳ ግን 1,700 ያህል ምስል ተገኘ። ስባሪው፣ ሬሳውን ሲያዘጋጁ ቅሉ ውስጥ ካፈሰሱት ሙጫ ጋር አልተጣበቀም። ሙጫው ከደረቀ በኋላ የመጣ ነው ማለት ነው፤ የግድያው ታሪክ እዚያው አበቃ። ግራ ጭኑ ላይ ባለው ስብራት ግን ሙጫው ገብቶበታል። ስለዚህ ሬሳው ከመዘጋጀቱ በፊት የተሰበረ ነው አሉ። እኔ ይሄንን ሳነብ ቀናሁ። ሙጫን እንደ ሰዓት ማንበብ ማን አስተማረን?

በ2014 ብሪቲሽ ሙዚየም የ8 ሙሚዎችን ስካን ሲያሳይ እረፍቴን ጠብቄ ሄጄ ነበር። አንዱ ሰውዬ ቅሉ ውስጥ፣ ሬሳ ሲያዘጋጁ አንጎል የሚያወጡበት መሣሪያ ተሰብሮ ቀርቷል። ከአንጎሉም የተረፈ አለ። ሠራተኛው ደንግጦ ቶሎ ጠቅልሎት ይሆን እያልኩ ብዙ ቆምኩ። እኛ ዘንድ አንዲት ፋሻ ስትረሳ የሚሞላውን ፎርም አስቤ ብቻዬን ሳቅሁ።